የቮልሷ ቃጭል

ባለፈው የገበያ ቀን ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ፀሐይ ሳሞቅ ቃጭል ሰማሁ። መካነ ሰላም ውስጥ በገበያ ቀን ቃጭል መስማት ብርቅ አይደለም፤ በቅሎ አለ፣ ፈረስ አለ። ይህኛው ግን ሦስት ድምፅ ነበረው፤ ሁለቱ ቀጫጭን፣ ሦስተኛው ወፍራምና ዘግየት ብሎ የሚመልስ። ያንን ድምፅ ከሰማሁ አንድ ትውልድ አልፏል። ጆሮዬ ገና ሳይለየው የያዝኩት ሻይ ጭኔ ላይ ተደፋ። ቀና ስል ከድጃ ናት፣ መኪናዋን እየነዳች ወደ ግቢው ትገባለች።

ከድጃ የወንድሜ የኡመር ልጅ ናት። አባቷ የሞተው እሷ ሆድ ውስጥ ሳለች ነው፤ እናቷም ጡት አስጥላ ሌላ ባል አገባችና ከሚሴ ወረደች፣ እኔ አሳደግኋት። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «አባባ» ነው የምትለኝ። ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ስትመለስ፣ እንደ ጓደኞቿ ቤት ልሥራ ሳትል አንዲት ትንሽ ብርማ መኪና ገዛች። እንደ ሙሽራ ነው የምትይዛት። መሪዋን ቀይ ከፈይ አልብሳታለች፣ የኋላ መስታወቷ ላይ «ማሻአላህ» ለጥፋባታለች። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ የድሮውን ሳጥን ከፍታ፣ ከጨርቁ ሁሉ ሥር ያገኘችውን የአባቴን የፈረስ ጌጥ፣ ቀዩን የሱፍ ዘርፍ ከነሦስት የነሐስ ቃጭሉ፣ ከፊት ፓራውልቱ ላይ በሽቦ አስራዋለች።

«አባባ፣ ያያቴ ነው አይደል? እንዲህ አድርጌ ሰርግ ልሄድባት ነው፣ በሾላ ማዞሪያ በኩል» አለችኝ። «አማረባት ወይስ ላንሳው?»

«ሞተሩን አጥፊው፣ ነዳጅ አታቃጥይ» አልኳት። የሽማግሌ ጥበብ ይህች ናት እንግዲህ። ያንኑ ጥያቄ አባቷም ጠይቆኝ ነበር። ለእሱ ግን ቶሎ ነው የመለስኩለት።

ዘመኑ ጦርነቱ አልቆ ሰው ሁሉ ስብሰባ የለመደበት ጊዜ ነበር። ቀበሌ አዳራሽ ጠዋት ስለ መብት፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ማዳበሪያ ይወራል። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ፣ ጥጉ ላይ፣ ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ አንዱን የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል፣ ያልወደደው ሰው ዞሮ ነው የሚሄደው። ጎረምሳው ቴትሮን ሱሪ ከሸራ ጫማ ጋር፣ ትልልቁ ሰው ሽርጥ ከኮት ጋር ይለብሳል፤ እኔ እንደ ቀኑ ከሁለቱም ነበርኩ፣ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። መሣሪያም ረክሶ ነበር። ከተበተነው ጦር እጅ የወጣ ክላሽ በሁለት ሙክት ይለወጣል ሲባል ቀልድ የሚመስለው ይኖራል፤ የእኔ ክላሽ እንደዚያው ነው የመጣችው። ሰው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ጨውና ክብሪት ይሸምት ነበር፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ያኔ ነው እህቴ ከጅዳ በላከችው ላይ የእህል ንግዴን ትርፍ ጨምሬ ከደሴ አንዲት ነጭ ቮልስ የገዛሁት። በከተማው ከመንግሥት መኪናዎችና ከጭነት መኪናዎች በቀር የግል ትንሽ መኪና የእኔ ብቻ ነበረች። ሽማግሌ ሳይቀር በእጁ ሊዳስሳት ይመጣል። ደግሞ ያኔ መኪና ያለ ጌጥ አይነዳም ነበር፣ ነውር ነው። ጭነት መኪናው ሁሉ የከፈይ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ አንገቱን የሚነቀንቅ አሻንጉሊት ውሻ አለው። እኔም ወንበሯ ላይ ነጭ የበግ አጎዛ አነጠፍኩ። ኡመርን ግን አልበቃውም። ታናሼ ነው፣ ሳቂታ፣ ለሁሉ ነገር ግጥም ያለው፣ መንዳቱንም ከእኔ ፈጥኖ የለመደ፣ ገና አዲስ ያገባ። «አያ፣ ያባታችን ፈረስ ሞተ እንጂ ጌጡ መች ሞተ» ብሎ ዘርፉን ከሳጥን አውጥቶ ከፊቷ አንጠለጠለው። የመጀመሪያውን ቀን ከተማውን ስንዞር ሰው ከየሱቁ እየወጣ ሳቀልን፣ አጨበጨበልን። ልዋሽ አልችልም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እናታችን ደጅ ቆማ ጠበቀችን። እሷ አልሳቀችም።

«አውልቁት» አለች።

«ለምን?» አልኳት።

«ፋጡማ እንዳትሰማው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ፋጡማ ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ እንድሪስ በዚያ ጌጥ በተሸለመ ፈረሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሾላ ማዞሪያ ሄደ፤ በግጦሽ ወሰን ከተጣላው ከይማም ጋር ደጃፉ ላይ ተያያዙ። እኔ በአህያ እከተለው ነበር። ይማም የያዘው ማጭድ ነው። አባቴ ከፈረሱ ሳይወርድ በሽመሉ ግንባሩን አለው። በአንዱ ቢያቆም ኖሮ ሰውየው ይተርፍ ነበር። ይማም በጉልበቱ ሲወድቅ ግን አባቴ ወርዶ ደገመው፣ ሠለሰው። ፈረሱ ደንግጦ ይወራጫል፣ ቃጭሉ ይጮሃል፣ ሚስትየው ፋጡማ ከቤት ወጥታ የሰው ያለህ ትላለች፣ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ከቃጭሉ የተነሣ ድምጿ አይሰማኝም። የሰው ራስ ሲሰበር የሚሰማው ደረቅ ቅል ሲረገጥ የሚሰማው ነው። ልጃቸው አራጋው በሩን ተደግፎ ያያል፤ የእኔ እኩያ ነው። ተያየን፤ ሁለታችንም አላለቀስንም።

አባቴ ታስሮ ወጣ፣ የአገር ሽማግሌ ገብቶ ደሙን አደረቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፈረሱን ያለ ጌጥ ጋለበ። ለምን ብለን ጠይቀነው አናውቅም፣ እሱም ነግሮን አያውቅም። እርጅና መስሎን ነበር።

ምክንያቱን የነገሩኝ ያን ጊዜ ደሙን ካደረቁት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሸህ ሙሄ፣ ናቸው። ቮልሷን ሲያዩ ዘንጋቸውን ተደግፈው መጡ። ፋጡማ ያኔ ከካሣው ሌላ አንድ ነገር ጠይቃ ኖሯል፤ ያ ቃጭል ዳግመኛ በደጇ እንዳያልፍ። አባቴም በቁርአን ምሎላት ነበር።

«ሰይድ፣ ይህን ነገር ንቀለው። የአባትህ ቃል ነው» አሉኝ።

«ሸህ፣ ቃሉ ለፈረስ ነው፤ ይህቺ መኪና ናት» አልኩ እየሳቅሁ።

«ጆሮ ፈረስና መኪና አይለይም። ነገ ዛሬ ሳትል አውልቀው። አብሽር፣ ክብርህ አይጎድልም።»

ላወልቀው ነበር። ይህን ማንም አያምነኝም፣ ግን ላወልቀው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩበት። በረንዳው ላይ ቆሜ አያታለሁ፤ ዘርፉ ከሌለ ከደሴ የመጣች ተራ ቮልስ ናት፣ ከዘርፉ ጋር ግን የእንድሪስ ልጅ መኪና ናት። በሁለተኛው ቀን ማታ ልቤ ወደ ማውለቁ አዘነበለና ከጎረቤት ፒንሳ ተውሼ መጣሁ። ነገ ጠዋት ብዬ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ አራጋው ገባ። ወንበር አልያዘም። «ሰይድ፣ ያንን ታወልቃለህ ወይስ እኔ ላውልቅልህ?» አለኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ምን ነበረበት «እሺ ወንድሜ፣ ፒንሳው እቤቴ ነው» ብለው? እኔ ግን ተነሥቼ፣ ዘመኑ የመብት ነው፣ መኪናዬን ማስጌጥ መብቴ ነው፣ አንተ ስብሰባ አትገባም እንዴ አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አራጋው ወጣ። በልመና ላወልቀው የነበረውን በትእዛዝ አላወልቅም አልኩና ፒንሳውን ለባለቤቱ መለስኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀትስ ይሻላል፣ ቢያንስ ይቀደዳል።

በሳምንቱ ሾላ ማዞሪያ ስደርስ ከአጥር ኋላ የተወረወረ ድንጋይ ፓራብሬዛውን አወረደው። መስታወቱ ፊቴ ላይ ፈሰሰ፣ ቅንድቤ ተቀደደ፣ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የክሪክ ብረቱን ይዤ ወረድኩ። ከአጥሩ ጥግ አንድ ሰው ሲሮጥ አየሁና ደረስኩበት፤ ክንዱን መታሁት፣ ሲወድቅ ጎኑን መታሁት፣ አጥንቱ ሲሰበር በብረቱ በኩል መዳፌ ላይ ተሰማኝ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም» ይላል። እውነቱን ነበር። ከብት ሊያጠጣ የወጣ የፋጡማ ታናሽ ወንድም ነው፣ የሮጠውም ድንጋዩን ሰምቶ ፈርቶ ነው። ይህን ሳውቅ አዘንኩ ብል እዋሻለሁ፤ ደስ ነበር ያለኝ። አባቴ ለምን ከፈረሱ ወርዶ እንደደገመው ያን ቀን ገባኝ። እጅ አንዴ ከተነሣ መውረዱን ይረሳል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኡመር ማለዳ ተነሥቶ አማቱን ሊያመጣ ነበር፣ በዚያው መንገድ። ሚስቱ ሐሊማ አራት ወሯ ነው፣ እህል አልረጋ ብሏት እናቴን አምጡልኝ ብላለች። አዲሱ መስታወት ከደሴ አልመጣም፤ መኪናዋ ፊቷ ክፍት ነው። ኡመር ሞተሩን አስነሥቶ ወረደና ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ ቃጭሉን በመዳፉ ያዘው። ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት ኪስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ ሐሊማ ለኢድ የገዛችለት። ያን ቀን አልዘፈነም።

«አያ፣ ለዛሬ እንኳ ላንሳው ወይስ ይቆይ?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት። «ዛሬ ብናነሳው ፈርተው አነሱት ይሉናል።»

«እሺ አያ።»

እሺ አያ ብሎ ገባና ሄደ። ታናሽ ታላቁን በሚሰማበት አገር ታላቅ መሆን ክፉ ነገር ነው።

አራጋው ከሾላው ሥር ቆሞ ጠበቀው። ቃጭሉን ከሩቅ ሰምቷል፣ አነጣጥሮ ለመቆየት በቂ ጊዜ ነበረው። ማን እንደሚነዳት ሳያይ ነው የተኮሰው፣ እኔ መስዬው ነው። የመጀመሪያው ጥይት ደረቱን፣ ሁለተኛው መንጋጋውን አገኘው። ቮልሷ ቦይ ገብታ ስትቆም ሞተሩ አልጠፋም ኖሮ፣ ተኩሱን ሰምቼ ሮጬ ስደርስ እየተንቀጠቀጠች ቃጭሉን ትመታው ነበር። ኡመር መሪው ላይ ተደፍቷል። አጎዛው ነጭ አልነበረም፣ ሸሚዙም ሰማያዊ አልነበረም። አገጩን ልሰር ብዬ እጄን ስሰድ የሚታሰር አገጭ አጣሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ምን እንደሆነ ልናገር? ሞተሩን አጠፋሁት፤ ያ ቃጭል ዝም እንዲልልኝ።

ከዚያ ክላሼን ይዤ የፋጡማን በር በርግጄ ገባሁ። አራጋው ሸሽቷል። ጋኑ ላይ ተኮስኩ፣ ጎተራው ላይ ተኮስኩ፣ በረት የታሰረውን በሬ ግንባሩን መትቼ ጣልኩት። ፋጡማ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር፣ አልሸሸችም። «ልጄ የለም። እኔ አለሁ» አለችኝ። እናቴን የምታህል ሴት ናት። በሰደፉ አፏን መታኋት። ጥርሷ መሬት ላይ ሲበተን አየሁ፣ ክላሹንም እንደገና አነሣሁ። ከኋላዬ የደረሱ ጎረቤቶች ባያንቁኝ ኖሮ ይማምን አባቴ እንደጨረሰው እጨርሳት ነበር። ይህን ያዩት ያውቁታል እንጂ በአፌ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

አራጋው ለፖሊስ እጁን ሰጠ፣ ደሴ ታሰረ። እኔም ስላደረግሁት ጥቂት ወራት ታስሬ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ለእርቅ ሲያስቀምጡን ሸህ ሙሄ ቃጭሉን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ሁለቱም ቤት ሰው ቀብሯል፣ ደም በደም ተመላልሷል፣ ካሣ ለማን ይከፈላል እያሉ ሲነጋገሩ ፋጡማ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ተነሣች። ቃሉ በደንብ አይወጣላትም፣ እንዲያ ያደረግኋት እኔ ነኝ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማት።

«ካሣ አልፈልግም» አለች። «እንድሪስ ያንን ቃጭል ሲያወልቅ ለምን እንዳወለቀው ለልጆቹ ቢነግራቸው ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቀመጥም ነበር። ዝም ብሎ አወለቀና ሳጥን ውስጥ ከተተው። ሐሊማ የያዘችው ይወለዳል፣ ያድጋል። ነፍስ ሲያውቅ ሰይድ ራሱ ባፉ ይንገረው። ምንም ሳያስቀር። የኔን አፍም ሳያስቀር። ይህን ይማልልኝ።»

እጄን ቁርአን ላይ አድርጌ ማልኩ። ሸህ ሙሄ ጨርቁን ሰጡኝ፤ «ያዘው፣ ስትነግር ማሳያ ይሆንሃል» አሉኝ። እኔም ወስጄ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ልክ እንደ አባቴ።

ቮልሷን ደሴ ወስጄ በረከሰ ሸጥኳት። አራጋው ታስሮ ወጣ፣ ሸመገለ፤ ጁምዓ ጁምዓ መስጊድ እንገናኛለን፤ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ በላይ አንነጋገርም። ፋጡማም አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው ይላሉ። ካሴት ይሸጥበት የነበረው ጥግ ዛሬ የእጅ ስልክ ይጠገንበታል፣ ሻይም በስሙኒ የሚጠጣ የለም። ከድጃ አራጋው አባቷን እንደገደለው ታውቃለች፤ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ የግጦሽ ጠብ ነው ብዬ ነው ያሳደግኋት። እነግራታለሁ፣ ትምህርቷን ትጨርስ፤ እነግራታለሁ፣ ከሪያድ ትመለስ። አንዲት ልጅ በቀን ሃያ ጊዜ «አባባ» ስትልህ፣ ያንን ቃል የሚያስነጥቅህን ነገር በየትኛው ቀን ትነግራታለህ? ፈሪ ነኝ። በጠመንጃ ዘመን ጀግና የተባልኩ፣ ለአንዲት ልጅ አፌን መክፈት የፈራሁ ሰው ነኝ።

ያን ጠዋት ግን ሰርግ ልትሄድ ነው፣ በሾላ ማዞሪያ፣ ከዚያ ቃጭል ጋር። «ነይ ቁጭ በይ» አልኳት። «የሰርጉ ሰዓት ደረሰ እኮ አባባ» አለች። «ይድረስ» አልኳት። ከአባቴ ሽመል ጀምሬ ነገርኳት። ፒንሳውን ተውሼ መመለሴን ነገርኳት። ስለ አባቷ ሸሚዝ ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ለዛሬ እንኳ ላንሳው ወይስ ይቆይ ካለው ላይ ስደርስ ሻይ የፈሰሰበትን ጭኔን መጥረግ ጀመርኩ።

«አንቱስ ምን አሉት?» አለችኝ።

«ተወው አልኩት።»

አላለቀሰችም። የፋጡማንም አፍ ነገርኳት፣ አላስቀረሁም። ስጨርስ ተነሥታ ወደ መኪናዋ ሄደች። ከዚያ የኋላውን ከፍታ ከመፍቻው ሁሉ መካከል አንዱን መርጣ መጣች።

«አጎቴ» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲያ ብላኝ አታውቅም። «ፒንሳው ይኸው። አንቱ ያውልቁት።»

ጉልበቴ እየተንቋቋ ከመኪናዋ ፊት ተንበረከክሁ። ሽቦው ሁለት ዙር ብቻ ነበር። አንዴ አጠማዘዝኩት፣ ደገምኩት፣ ቃጭሉ እጄ ላይ ወደቀ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።